ቀለም አልለቅ ያለው ሟች

ምኞት ጥፍሮቿን ደማቅ ቀይ ተቀብታ ነው ዛሬ ሥራ የገባችው። ከፒያሳው ፈረሳ በተረፈ አንድ ፎቅ ላይ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ የሰው ፊት በኮምፒውተር ታሳምራለች። ሟች ያለበት ፎቶ ሲመጣላት ልማድ አላት፤ በሕይወት ያሉትን በቀለማቸው ትታ የሟቹን ብቻ ለስለስ አድርጋ ታደበዝዛለች።

ወይዘሮ የሺዓለም ለባላቸው ሙት ዓመት የሚሆን ፎቶ ይዘው መጡ፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን የተነሡት ነው። ሴትዮዋ የለበሱት ነጠላ ጥለት አመድ መስሏል። በረኪና ነክቶት ይሆናል ብላ አለፈችው።

የባልየውን ቀለም ቀነሰች። ፊቱ ገረጣ፣ ከንፈሩም ነጣ። ሴቭ አድርጋ መልሳ ስትከፍተው ግን ከንፈሩ ቀልቷል።

«ይቅርታ እማማ፣ አልያዘልኝም መሰለኝ።»

ደግማ ቀነሰች። አሁንስ ጭራሽ ከበፊቱም ደመቀ።

«አይለቅም፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ ከጀርባዋ። «በቁሙም እንዲሁ ነበር። ሲነኩት ደግሞ ይብስበታል።»

«ኧረ ኮምፒውተሩ ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣላትም። ታች መንገድ ላይ ወያላው «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ይጮኻል። የሰውየው ከንፈር ያብረቀርቃል። ይህን ቅላት ታውቀዋለች፤ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የተቀባችው ነው።

ማውሱን ለቀቀችና እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች። ጥፍሮቿ አመድ መስለዋል።

ወይዘሮ የሺዓለም ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እኔንም ከጥለቴ ነው የጀመረኝ» አሉ።