የዘንዶው ግንባር

ኪየም የመጨረሻዋን የሩዝ ፍሬ ለቅሞ ዋጠና ጎድጓዳዋን ሳህን ወደ ፀሐይ አነሳት። ከመንደሩ መቅደስ ጣሪያ ላይ እግሮቹን አንፈራጦ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ግንባር የሌለው የኖራ ዘንዶ ተጋድሟል። ሳህኗ ሰማያዊ ናት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ባሕሩ የሚይዘው ዓይነት ሰማያዊ። ይህን ቀለም ፍለጋ አንድ ወር ሙሉ ዓይኑ ሲቃብዝ ከርሟል።

ዘንዶውን አምና አውሎ ነፋስ ገሽልጦት ነበር። በሳህን ቁራሽ ጣሪያ የሚያስጌጠውን ኪየምን ከሁዌ ከተማ ካስጠሩት ወዲህ የመንደሩ ሰው የተሰነጠቀና የተሸረፈ ሳህኑን በቅርጫት እያመጣ ከመሰላሉ ሥር ሲቆልል ሰነበተ። የዘራችን አባት የሚሉት ዘንዶ ራቁቱን ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ለማን እህል ይዋጥለታል? ኪየም ሳህኑን በጉጠት እየቆረጠ፣ ቁራሹን በኖራው ላይ እንደ ቅርፊት እየደረደረ ከጅራቱ ተነስቶ አንገቱ ደርሷል። ግንባሩ ግን ለየት ያለ ነገር ይፈልጋል። ዘንዶውን ዝናብ ሊለምን የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግንባሩን ነው።

"ኧረ እሷን ተዋት!" አለ ከታች ኖራ የሚያቦካው አማቹ ሱንግ። "ጭረት እንኳ የላትም። እማማ ትዋ ምሳህን ያመጡልህ እኮ በእሷ ነው።"

"የመጣ ሳህን ሁሉ የዘንዶው ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ትራፊ ይልበስ እንዴ?"

"አንተ ለዘንዶ የምታስበው ሆድህ ሲሞላ ነው።"

ኪየም ሳቀ። የሚሰበር ሳህን ተወልውሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ እንደማይመጣ ግን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሳህን ሲሰብር የኖረ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል? ልቡ "ወርደህ ጠይቅ" አለው። ከጠየቀ ደግሞ መልሱ ምን እንደሚሆን ልቡ ያውቀዋል። ጉጠቱን ከሳህኗ ከንፈር ላይ አሳረፈና ጨመቀው።

እማማ ትዋ የመጡት ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው።

"ኪየም፣ ልጄ፣ ጠገብክ?"

"ጠገብኩ እማማ፤ እጅዎ ይባረክ።"

"እንግዲያው ሳህኔን አውርድልኝ። ነገ የሽማግሌው ባሌ ሙት ዓመት ነው። በሕይወቱ ሲበላ የኖረው በእሷ ነው፤ ሩዙን በሌላ ባቀርብለት ነፍሱ ደጄንም አትረግጥ። ሌላውን ሁሉ ለዘንዶው ሰጥቼ ምሳህን የማደርግበት ባጣ ነው ያወጣኋት።"

ሱንግ አጎንብሶ ኖራውን ማቡካት ቀጠለ። ኪየም ጨርቁን ብቻ ይዞ ከመሰላሉ ወረደ።

"እማማ... ለዘንዶው ከሰጡት ጋር መስሎኝ..."

መጨረስ አላስፈለገውም። እማማ ትዋ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ገና እርጥብ የሆነው ግንባር ፀሐይዋን ተቀብሎ ያበራል። ኪየም ከዚያ ያማረ ሥራ በእጁ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ሊያየው አልቻለም።

"ላውጣው፤ ኖራው አልደረቀም" አለ።

"አውጥተህስ? ቁራሽ ላይ ሩዝ ይቆማል?"

አሮጊቷ ከመሰላሉ ሥር ተቀመጡ። በመጨረሻ "በሙዝ ቅጠል አቀርብለታለሁ" አሉ። "ከዓሣ ማጥመድ ሲገባ እንደሆነ በምንም ቢሰጡት ይበላ ነበር።"

ብድግ ብለው ጨርቁን ተቀበሉት፤ አራግፈው በአራት አጠፉት። ከዚያ የኪየምን ኖራ የለበሰ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ጥፋቱ የኔው ነው። ሳልነግርህ ሰጥቼ አንተንም አሳቀቅኩህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ኪየም አፉን ከፈተ። "አውቄ ነው" የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ሱንግ ማቡካቱን ትቶ ቀና ብሎ ያየዋል።

"ግድ የለም፣ እማማ" አላቸው።