የጋሽ ዘርጋው አሥራ ሁለት ደቂቃ

ሠዓሊው ላፕቶፑን እያዞረ ስቱዲዮውን ለአንዲት የኤግዚቢሽን አዘጋጅ በቪዲዮ ጥሪ አሳያት። ሴትየዋ በርሊን ሆና ለአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን የሚቀርቡ የጥበብ ሥራዎችን ትመርጣለች። እሱ ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ከውጭ ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ሥራህን አሳየን ያለው ሰው አልነበረም።

የሠራውን አጭር ፊልም ከፈተላት። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ካሜራውን ያያሉ።

«ካሜራውን መቃወማቸው ነው» ሲል በእንግሊዝኛ አስረዳት። «አውቀው ነው ያልተንቀሳቀሱት።»

«ራሳቸውን ልጠይቃቸው?» አለችው።

እምቢ ቢል ትጠረጥራለች። ሽማግሌው የግቢው ዘበኛ ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ ጠራቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ገቡና ለስክሪኑ እጅ ነሱ።

«ያን ቀን ለምን እንዳልተንቀሳቀሱ ትጠይቅዎታለች፣ ጋሼ።»

«ፎቶ ልታነሳኝ አልነበር እንዴ?» አሉት። «ለለቅሶዬ የሚሆን አንድ ደህና ፎቶ የለኝም ብዬህ አይደል? እንዳይበላሽብህ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ፤ አንተ ግን አነሳሁ ሳትል ቆየህ። ተበላሽቶም ከሆነ ንገረኝ እንጂ አትፈር፣ እንደገና እቀመጥልሃለሁ።»

«ምን አሉ?» አለች ሴትየዋ።

ጆሮው ድረስ ጋለው።

«ዝምታዬ መልሴ ነው ይላሉ» ብሎ ተረጎመላት።

ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ጋሽ ዘርጋውም ኮፍያቸውን አውልቀው አጸፋውን መለሱላት።

«ደግ ሴት ትመስላለች» አሉት ወደ እሱ ዞረው። «ፎቶው ሲወጣ ለሷም አንድ ላክላት።»