የተገለበጠችው ጀልባ

«ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ድንጋይ እርስዎ እንዴት ይስቱታል፣ ጋሽ ይስማው?» ሲል የጀልባዋ ባለቤት ቢያድግልኝ ጮኸ። ባለ ሸራዋ ጀልባ ጣና ዳር ተገልብጣለች፤ ሆዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው ግንድ ተሰንጥቋል።

«ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነዋ» አሉ ሽማግሌው ጀልባ ነጂ። «ድንጋዩ ላይ ለምልክት ያሰርነው ቢጫ ጀሪካን እንኳ አልታየኝም።»

«ጀሪካን ካልታየዎት መሪውን ይልቀቁ! ከእንግዲህ ይሄ ይይዘዋል።»

«ይሄ» የተባለው ረዳታቸው አዲሱን ግንድ በመላጊያ ይልግ ነበር። መሪ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ...» ብሎ ጀመረና መላጊያውን መልሶ ገፋ።

«ግዴለም ልጄ» አሉት አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ግንዱን እየያዙለት። «ሰው ያረጃል። አንተ ብቻ ጀሪካኑን ስታይ ወደ ግራ ያዝ።»

ጀሪካኑ ረዳቱ ቤት ነበር። የሚስቱ ውኃ መቅጃ ቢቀደድባት፣ ቅዳሜ ከገበያ ሌላ ገዝቼ አስርበታለሁ ብሎ፣ በአደጋው ዋዜማ ፈትቶ ወስዶላታል።

አዲሱ ግንድ ገጥሞ ሚስማሩ ተመቶ ሲያልቅ ሰዎች ተጠሩ። እሱም ትከሻውን ሰጥቶ፣ ከሁሉም በላይ «ሆ!» እያለ ጀልባዋን ወደ ውኃው ሲገፋ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከቁጥቋጦው ላይ አንስተው ዳገቱን ያዙ።