«አንብቢውና አቃጥዪው»

«እማማ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይጫኑ እንጂ! ባቡሩ ሊሄድ ነው!»

የአገራቸው ልጅ የሆነች የባቡር ጣቢያው ፅዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው የምትጮኸው።

እናትየው ግን ትኬት መሸጫው ማሽን ፊት ደርቀው ቀሩ…

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። ከአገር ሲወጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

አንድ ልጅ አለቻቸው… እሷም እዚሁ ሰው አገር ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ ከሰዓት የልብ ቀዶ ጥገና አለባት።

«ሳልገባ ዓይንሽን ልየው እማዬ» ብላ ነው ያስመጣቻቸው። የባንክ ካርዱንም የላከችላቸው እሷ ናት።

ትናንት አውሮፕላን ማረፊያ ውሃ ሲገዙ ሻጯ ካርዱን ተቀብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ልጃቸው ድሮ ያስለማመደቻቸውን ፊርማ ጫር አደረጉ… አለቀ። ቁጥር የጠየቃቸው የለም።

ይሄ ማሽን ግን ፊርማ አያውቅም! ትኬት በሰው እጅ የሚሸጥበት መስኮት ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው።

«ቁጥሩ… ጠፋኝ የኔ ልጅ። ካርዱን የላከችልኝ ልጄ ናት።»

«ታዲያ ይደወልላታ! የቷ ናት ልጅዎ?» አለች ስልካቸውን ተቀብላ።

«ያቺ… ፎቶዋ ያለበት።»

ተደወለ።

«እማ! የት ደረስሽ?»

«ጣቢያ ነኝ… ያ ቁጥር እኮ ረሳሁት መሰለኝ።»

«እንዴ እማ! የባንኩን ደብዳቤ አንብበሽ ቁጥሩን በቃልሽ ያዢው፣ ከዚያ ወረቀቱን አቃጥዪው፣ ለማንም እንዳታሳዪ አላልኩሽም? ለአንቺ ብቻ ነው የተላከው፣ እኔ እንኳን አላውቀውም! አራት ቁጥር መያዝ ያቅታል?»

«እርጅና ነው ልጄ…»

ስልኩ ተዘጋ።

የባቡሩም በር ተዘጋ።

«ወይኔ! ምን ነካኝ?» አለች ፅዳት ሠራተኛዋ። «በራሴ ካርድ ቶሎ ቆርጬልዎት ቢሆን ኖሮ!»

ለሚቀጥለው ባቡር በራሷ ካርድ ቆረጠችላቸው።

እናትየው እጇን ይዘው አለቀሱ… ለማንም ተንፍሰው የማያውቁትን ለማያውቋት ሴት ነገሯት።

«አልረሳሁትም የኔ እናት… አላነበብኩትም። ፊደል አልቆጠርኩም። ገንዘቡን እንኳ በቀለሙ ነው የምለየው። ለማንም እንዳታሳዪ ስላለችኝ ማስነበቡን ፈራሁ። ማንበብ አልችልም እንዳልላት አፈርኩ። አቃጥዪው ያለችኝን ግን አቃጠልኩት።»

ልጅቷ ተማሪ ሳለች ማታ ማታ ደብተሯን ተቀብለው፣ በጥሞና አይተው፣ «ጎበዝ!» ይሏት ነበር። እናቴ የተማረች ናት ብላ ቀና እንድትል…

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች።

የሳሙና ውሃ የበላው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ጠበቁ… ጠበቁ…

ሐኪሙ ወጣ። ጭምብሉን አወለቀና አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ ዳግመኛ አልነቃችም።

ነርሷ የልጅቷን ስልክ አመጣች። «ለእናቴ» ብላ ትታላቸዋለች… ግን ደብዳቤ አልነበረም።

ድምፅ ነበር።

«እማዬ… ስልኩን ዘግቼ ነው ትዝ ያለኝ። አንቺ እኮ ማንበብ አትችይም። ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው ያወቅኩት… ደብተሬን ዘቅዝቀሽ ይዘሽ ጎበዝ ስትይኝ። እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ስል፣ ዝም ስል… እኔው ረሳሁት። ጮህኩብሽ አይደል? ይቅር በይኝ። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። እማ ስትደርሺ…»

በር ሲከፈት ይሰማል።

ድምፁ እዚያ ላይ ያልቃል።

እናትየው እስከ ዛሬ ያገኙትን ሰው ሁሉ «እስቲ ያቺን ድምፅ ክፈቱልኝ» ይላሉ…

አያችሁ? እናት ልጇ እንዳታፍርባት ደበቀች። ልጅ እናቷ እንዳታፍር ዝም አለች። ሁለቱም በፍቅር ነው ያደረጉት… ግን ያ ዝምታ የመጨረሻዋን ሰዓት ቀማቸው።

የምንወደውን ሰው ገመና መሸፈን ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን ቀስ ብለን «አውቃለሁ እኮ፣ ምንም አይደል» ብንለውስ?

እናንተስ… ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ሁለታችሁም እያወቃችሁ ዝም ያላችሁት ነገር ምንድነው?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ… መፃፍ የማይችል ሰው አጠገባችሁ ካለም እሱ ይንገራችሁ፣ እናንተ ፃፉለት።