የመዳብ ጨው

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የኬሚስትሪ መምህሩን ሊገመግሙ ላቦራቶሪው ጥግ ኮስተር ብለው ተቀምጠዋል። መምህሩ ሰማያዊውን የመዳብ ጨው እሳት ላይ ጣደው፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነጭ ዱቄት ሆነ።

«አሁን ተመልሶ ሰማያዊ የሚሆነው ውሃ ሲነካው ብቻ ነው። ንጹህ አልኮል ምንም አያደርገውም» አለ። «ዳይሬክተር፣ እስቲ አልኮሉን ያውጡልን።»

ዳይሬክተሩ «ሰው አይታመንም» እያሉ የአልኮሉን ቁም ሣጥን ቁልፍ ለማንም ሰጥተው አያውቁም።

«እሱ እንኳ ይቅር» አሉ።

ተማሪዎቹ «እንየው! እንየው!» ብለው ጮኹ። ዳይሬክተሩ እያመነቱ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ጠርሙሱን ለመምህሩ ሰጡት። መምህሩ ዱቄቱ ላይ ጠብ አደረገበት።

ወዲያው ሰማያዊ ሆነ።

«ቲቸር፣ አልኮል አይደል እንዴ?» አለች አንዷ ተማሪ።

ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው የመምህሩን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት። «ድንቅ ትምህርት ነው! መቶ ከመቶ ሰጥቼሃለሁ! በቃ፣ ልጆቹን አሰናብታቸው።»