አይጥ የማይበላው

«ከጠፋ በኋላ የተጫነበት ነገር አለ?» ይላል ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ኧረ ምንም!» ሚስትየዋ ቀድማ ትመልሳለች። ከስፌት ቤቷ በቀጥታ ስለመጣች የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «እጁን እንዳያሳርፍበት አስምዬዋለሁ።»

ባልየው መማሉንስ ምሏል።

የጠፋው የእሷ የልብስ ቅድ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ የሣለችው፣ የደንበኛ ሁሉ የትከሻና የወገብ ልክ። ወረቀቱን ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባው ያለው እሱ ነው። «ይኼን አይጥ አይበላውም» ብሎ አሳምኗት፣ ወረቀቱን በገዛ እጁ አቃጠለው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማሽኑ ተንቀራፈፈ ብሎ፣ ቦታ ላስለቅቅ ሲል ፎልደሩን ሙልጭ አድርጎ ጠረገው።

«እንግዲህ አይጡ ማን እንደሆነ ፍረደኝ» ትላለች ለጠጋኙ።

ጠጋኙ አይፈርድም። ሰፈሩ «ትንሣኤ» ይለዋል፤ ስሙን አይወደውም። «ማስነሣት የፈጣሪ ነው፤ የእኔ መፈለግ ነው» ይላል። «እህቴ፣ የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ከቤቱ አልወጣም፤ በሩ ላይ ያለው ስሙ ነው የተፋቀው። አዲስ ተከራይ ካልገባበት ይገኛል።»

«ተመስገን!»

ባልየው ግንባሩን ይጠርጋል። ተከራይማ አስገብቷል። እሷ ጸሎት በሄደችበት ጠዋት፣ የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ እዚያው ላይ ጫነ። አንዱ እምቢ ሲለው ሌላ፣ እሱም እምቢ ሲለው ሌላ። ስትመለስ «ይኸውልሽ» ሊላት ነበር።

ማውሱን የያዘው የጠጋኙ እጅ ቀጥ ይላል። ስክሪኑን ያያል፤ ባልየውን ያያል፤ ከዚያ ስክሪኑን ቀስ ብሎ ከሴትየዋ ዞር ያደርገዋል። «ዲስኩ አርጅቷል» ማለት ይችላል። አይልም። ይጠብቃል።

«እኔ ነኝ» ይላል ባልየው። «ፕሮግራም ጭኜበታለሁ። ላድንልሽ ብዬ።»

«ምለህ?»

«ምዬ።»

ሚስትየዋ ባሏን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ትለካዋለች።

«ከቅዱ የተረፈ አለ?» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ጠጋኙ መልሳ።

«ቁርጥራጭ አይጠፋም። እጅጌ… ኮሌታ… ሙሉ ልብስ ግን አይወጣውም።»

ቁርጥራጩን በሐሳቧ ለመገጣጠም ትሞክራለች። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ትስባለች።

«ተነሥ» ትለዋለች ባሏን።

ይነሣል።

«ወንድሜ፣ መቼም ወረቀትና እስክሪብቶ አይጠፋህም።»

ጠጋኙ ከመሳቢያው ያወጣል። እሷ ሜትሩን በባሏ አንገት ዙሪያ አዙራ፣ ሁለቱን ጫፍ ጉሮሮው ላይ ትገጥማለች። ለሌላ ሰው ከምታደርገው ትንሽ ጠበቅ ታደርገዋለች። ባልየው ትንፋሹን ውጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«በል ጻፍልኝ» ትላለች። «አንገት…»