ሐይቁን የሚያይ መኝታ ቤት

የነደፍኩትን ቤት በብርሃን ምስል ሜዳው ላይ ሳቆመው የቤተሰቡ ሰባቱም ትውልድ በአንድ አፍ «ወይ ጉድ!» አለ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ አጸደ ግድግዳው ብርሃን ብቻ መሆኑን እያወቁ ደፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያየውን ሰፊውን መኝታ ቤት አሳየኋቸው። «ይሄ የእርስዎ ነው።»

«የሕፃኑስ የት ነው?» አሉኝ እማማ።

የቤቱ ትንሿ ሙሽራ ማራኪ አንገቷን ደፋች። ሞት ከቀረ ወዲህ ሕፃን የሚወለደው ከቤተሰቡ አንዱ በፈቃዱ ከሕይወት ሲሰናበት ብቻ ነው። በዚህ ቤተሰብ ማንም ተሰናብቶ ስለማያውቅ የሕፃን ክፍል መንደፍ ትዝም አላለኝ።

«የኔን አልጋ አንሺና የሕፃን አልጋ አድርጊበት» አሉኝ።

ማራኪ ሮጣ እጃቸውን ያዘች። «እማማ፣ በእግዜር! እኔ አልፈልግም!»

«እኔ እፈልጋለሁ። ሐይቁን እንደሆነ ጠግቤዋለሁ።»

የአልጋቸውን ብርሃን አጠፋሁት። እማማ አልጋው በነበረበት ቦታ ሣሩ ላይ ተንጋለሉና ወደ መስኮቱ ቀና አሉ።

«ከዚህ ሐይቁ አይታይም» አሉኝ። «ለሕፃኑ መስኮቱን ዝቅ አድርጊለት።»